የሚሰድቡኝን አባት እያጠብሁ የእግዚአብሔርን ብርሃን እንዴት ልይ?

ጥያቄ፦ በአረጋውያንና በሕሙማን መጦሪያ ውስጥ በበጎ ፈቃድ የማገለግል ሴት ነኝ። ሥራውን ስንጀምር «በምታገለግሏቸው ሰዎች ሁሉ ውስጥ የእግዚአብሔርን ብርሃን እዩ» ተብለን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት የማየው ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን የሚታየኝ ያደፈ አንሶላና ገና ያልጨረስሁት ሥራ ብቻ ነው። አንዲት ደግ እናት አሉ፤ በእርሳቸው ላይ ብርሃኑን ለማየት ምንም አልቸገርም። በገባሁ ቁጥር የሚሰድቡኝ አንድ አባት ደግሞ አሉ። እርሳቸውን ሳጥብ የሚሰማኝ ንዴት ነው፤ ከንዴቱ በኋላ ደግሞ ጸጸት። እምነቴ ሞቷል ማለት ነው? እንዲህ ያለው ማየት የሚማሩት ነገር ነው ወይስ ለአንዳንዶች ብቻ የሚሰጥ ጸጋ? ማገልገሉንስ ልተወው?

ምላሽ፦ እምነትዎ አልሞተም። ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ያደፈ አንሶላ የሚለውጥ፣ በተሰደበበት ክፍል ነገም ተመልሶ የሚገባ፣ በንዴቱም የሚጸጸት ሰው ሌላ ነገር ጎድሎት ይሆናል እንጂ እምነት አልጎደለውም። የጎደለውን ለማየት ከተሰጣችሁ ምክር መጀመር ይሻላል፤ በእኔ ግምት የችግሩ አንዱ ምንጭ እርሱ ነውና። ሥራዬ ሕሙማንንና አረጋውያንን የሚንከባከቡ ሰዎችን ማሠልጠንና በመንፈሳዊ ሕይወታቸው መደገፍ ነው። «ብርሃኑን እዩ» የሚለው ቃል በቅንነት ተነግሮ አገልጋዩን ሲያቆስል ደጋግሜ አይቻለሁ።

ምክሩ የተቀዳው ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ነው። ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ «ከሁሉ ከሚያንሱ ከእነዚህ ወንድሞቼ ለአንዱ እንኳ ስላደረጋችሁት ለእኔ አደረጋችሁት» ወደሚለው መደምደሚያ ይቸኩላሉ። ለእርስዎ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ንጉሡ «ተርቤ አብልታችሁኛል» ሲላቸው ጻድቃኑ ግራ ይገባቸዋል። «ጌታ ሆይ፥ ተርበህ አይተን መቼ አበላንህ?» ብለው ይጠይቃሉ። አላዩትም! ሲያበሉ የነበረው የተራበ ሰው ስለራበው ነው፤ የታመመውንም የጠየቁት ስለታመመ ነው። በግራ የቆሙትም ያንኑ ጥያቄ በተመሳሳይ መደነቅ ይጠይቃሉ። እንግዲህ ከሁለቱ ወገኖች አንዱም አላየም፤ የለያቸው ለተራበው ምግብ፣ ለታረዘው ልብስ መስጠታቸውና አለመስጠታቸው ነው።

ስለዚህ ብርሃኑን ማየት ወደ አልጋው ከመቅረብዎ በፊት ማለፍ ያለብዎት ፈተና አይደለም። የማያዩበት ቀን በንጉሡ ዘንድ ይቆጠራል፤ ምናልባትም ከሌላው ቀን ሳያንስ። እንዲያውም አንዳንድ አሠልጣኞች የሚያስተምሩት ልምምድ አለ፤ በታማሚው ፊት ፋንታ የክርስቶስን ፊት በሐሳብ መሳል። እኔ አልወደውም። የሚታጠቡት አዛውንት ሰውነታቸው እየታጠበ የአጣቢያቸው ዓይን እርሳቸውን አልፎ ሌላ ሲያይ ያውቃሉ። ለእግዚአብሔር ተብሎ የሚታጠብ ግን በቀጥታ የማይታይ ሰው መሆን ከባድ ነገር ነው። በዚያ አኳኋን ሰውየውንም አጣነው፤ እግዚአብሔርንም የምናገኘው አይመስለኝም። በሙስሊሞች ዘንድ በሶሒሕ ሙስሊም፣ በታወቀው የሐዲስ መድብል፣ የተዘገበ ሐዲስ ቁድሲ አለ፤ በነቢዩ አንደበት የተላለፈ የአላህ ቃል ማለት ነው። በዚያ አላህ ሰውን «ታምሜ አልጠየቅኸኝም» ካለው በኋላ የታመመውን ብትጠይቀው ኖሮ እኔን እርሱ ዘንድ ታገኘኝ ነበር ይላል። እዚያም የሚኬደው ወደ ታማሚው ነው።

ታዲያ ማየቱ ከቶ አያስፈልግም ማለቴ ነው? አይደለም። ማየቱ ወዴት እንደሚመራ ነው መስተካከል ያለበት፤ ሰውየውን አልፎ ሳይሆን ወደ ሰውየው። ለዚህ ከማውቃቸው ትምህርቶች ሁሉ የምመርጠው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ያለውን ነው። ፈሪሳዊው ስምዖን ጌታን ለምሳ ጠርቶታል፤ አንዲት ሴት ገብታ እግሩን በእንባዋ ታርሳለች። ስምዖን በልቡ «ይህችስ ኃጢአተኛ ናት» ብሎ ፋይሉን ዘግቷል። ጌታ ወደ ሴቲቱ ዘወር ብሎ ስምዖንን «ይህችን ሴት ታያለህን?» ይለዋል። ስምዖን ዓይነ ስውር አልነበረም፤ ከፊቱ ናት። ከዚያ ጌታ የሚያደርገው ነገር ነው የሚገርመው። ስለ ነፍሷ ክብር አይሰብክለትም፤ ያደረገችውን አንድ በአንድ ይቆጥርለታል። አንተ ውኃ አላቀረብህልኝም፣ እርስዋ በእንባዋ አራሰች፤ አንተ አልሳምኸኝም፣ እርስዋ እግሬን መሳም አላቋረጠችም፤ አንተ ራሴን ዘይት አልቀባኸኝም፣ እርስዋ እግሬን ሽቱ ቀባች። ስምዖን እንዲያያት የተደረገው ዝርዝሯን በማሳየት ነው።

ከዚህ የወጣ አንድ ልማድ ለሠልጣኞቼ እሰጣለሁ። ፈረቃው ሲያልቅ ስለ አንድ ሰው ብቻ፣ እርሱ ወይም እርስዋ ያደረጉትን ሦስት ነገር መጻፍ። እርስዎ ያደረጉላቸውን አይደለም፤ ያ በተረኛ መዝገቡ ላይ አለ። ለምሳሌ «ትራሱን በግራ እጃቸው ወደ መስኮቱ አዞሩት»፣ «ሾርባውን ከመቅመሳቸው በፊት አሸተቱት»፣ «ጎናቸው ያሉት ሰው ሲያስሉ ንግግራቸውን አቋርጠው ጠበቋቸው»። መጀመሪያ ላይ ሦስት ነገር መሙላት ያስቸግራል፤ ሙሉ ቀን ከሰው ጋር ውሎ ሦስት ነገር አለማግኘት ራሱ ያስደነግጣል። እየቆየ ግን ዓይን ይሠለጥናል። በመስኮቱ በኩል ምን እንደሚያዩ ለመጠየቅ ይፈልጋሉ፤ ሲጠይቁም ወሬ ይመጣል፤ በወሬው ውስጥ ሰውየው ብቅ ይላሉ።

እንግዲህ የሚማሩት ነው ወይስ የሚሰጥ? ሁለቱም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 በቤተ ሳይዳ የተፈወሰው ዓይነ ስውር አንዴ ከተዳሰሰ በኋላ ምን እንደሚያይ ሲጠየቅ፣ ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ እንደሚያይ ይናገራል። ሙሉ በሙሉ አየሁ ብሎ አልዋሸም። ከዚያም ዳግመኛ ተዳሰሰና አጥርቶ አየ። አሁን እርስዎ ያሉበት ቦታ በሁለቱ መዳሰስ መካከል ያለው ይመስለኛል። የሚንቀሳቀስ ነገር ይታይዎታል፤ አልጋ፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ የሚታጠብ ገላ። ሁለተኛው መዳሰስ በእርስዎ እጅ አይደለም። የሚከለክለውን ማንሳት ግን ይችላሉ።

ከሚከለክሉት ውስጥ ዋነኛው ጥድፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። በፕሪንስተን የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት የሚማሩ 40 ተማሪዎችን ወስደው ከፊሎቹን ስለ ደጉ ሳምራዊ አጭር ንግግር እንዲያቀርቡ፣ ሌሎቹን ስለ ሥራ ዕድል እንዲናገሩ አዘዟቸው፤ ከዚያም ወደ ሌላ ሕንፃ ላኳቸው። በመንገዳቸው ላይ በር ሥር ተጎሳቁሎ የተቀመጠ፣ የሚያስልና የሚያቃስት ሰው ሆን ተብሎ አኖሩ። ጊዜ አለህ ከተባሉት 63 በመቶ ያህሉ ረዱት፤ በመጠኑ እንዲፈጥኑ ከተነገራቸው 45 በመቶ፤ ዘግይተሃል ከተባሉት ግን 10 በመቶ ብቻ። ስለ ሳምራዊው ሊሰብክ የሚሄደውና ስለ ሥራ የሚናገረው ያን ያህል አልተለያዩም፤ ለስብከቱ ሲጣደፍ በታማሚው ላይ ተራምዶ ያለፈም ነበር። እነዚህ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እነርሱ ግን ለመልቀም እንኳ አልተመለሱም።

ስለዚህ ፈረቃዎ እንዴት እንደተደለደለ ሳላውቅ ስለ ልብዎ ልናገር አልደፍርም። በአንድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰው እንዲያጥቡ ከተደረገ ብርሃን አይታይም፤ ማንም አያይም። ያንን ለአስተባባሪው መንገር ማጉረምረም አይደለም።

ሁለተኛው ድካም ነው፤ እንቅልፍ የሚያወጣውን ድካም ማለቴ አይደለም። ክርስቲና ማስላክ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሰው አገልግሎት የተሰማሩ ሰዎችን ሲያጠኑ የመቃጠልን፣ ማለትም በአገልግሎት ብዛት የውስጥ ጉልበት ተሟጦ የማለቅን፣ ሦስት ምልክቶች ለዩ፦ የስሜት መሟጠጥ፣ የሚያገለግሉትን ሰው እንደ ዕቃ መቁጠር፣ የሠሩት ሁሉ ከንቱ መስሎ መታየት። መካከለኛውን ልብ ይበሉ። ብርሃኑ አልታይ ማለቱ እዚያ ውስጥ ስሙን ያገኛል። አብዛኛውን ጊዜ በአንደበት ይጀምራል፤ «የአራት ቁጥሩ»፣ «ስኳሩ»፣ «ያ የሚሰድበው» ማለት ሲለመድ ምልክቱ ገብቷል። መድኃኒቱም በከፊል ተራ ነገር ነው። ኤልያስ በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 «ይበቃኛል» ብሎ ከዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ ቀስቅሶ አበላው፤ ደግሞ ተኛ፤ ደግሞ አበላው። ስለ ጥሪው የተነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ሙሉ ቀን ያረፉት መቼ ነው?

ስለ ስሜት መጥፋት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ማዘር ቴሬዛ በካልካታ ድሆች ውስጥ ክርስቶስን አያለሁ እያሉ ሕይወታቸውን ሙሉ ተናገሩ። ካረፉ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተሙት ደብዳቤዎቻቸው ግን ለአምሳ ዓመት ያህል በውስጣቸው የእግዚአብሔር መኖር እንዳልተሰማቸው፣ ጨለማ እንደነበረባቸው አሳዩ። ይህን ያነበቡ አንዳንዶች ግብዝ አሏቸው። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው፤ ማየታቸው በስሜት ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ዓመት አያልፍም ነበር።

አሁን ወደ አዛውንቱ እንምጣ፤ ጥያቄዎ በእርግጥ የተነሣው ከእርሳቸው ክፍል ነውና።

መጀመሪያ ስድቡ መቼ እንደሚመጣ ያስተውሉ። በር ሲከፍቱ ነው? መጋረጃ ሲገልጡ ነው? በግራ ጎናቸው ሲያዞሯቸው ነው? ይህ ትንሽ ነገር አይምሰልዎ። በማዞር ጊዜ ከሆነ ትከሻቸው ወይም ዳሌያቸው እያመማቸው ሊሆን ይችላል፤ ስድቡ የሕመም ጩኸት ነው፤ ለነርሷ ይንገሩ። እርስዎ ሲናገሩ ሳይሆን ሲነኳቸው ከሆነ፣ ምናልባት ጆሯቸው ስለማይሰማ መምጣትዎን የሚያውቁት እጅዎ ሲያርፍባቸው ነው። አእምሮ ውስጥ ደም የፈሰሰባቸው ሰዎች አንዳንድ ጊዜ በአንድ ወገን ያለውን ነገር አያዩም፤ በዚያ ወገን የሚመጣ ሰው ከምድር የበቀለ ይመስላቸዋል። በቅርብ ቀናት የመጣ ጠባይ ከሆነ ደግሞ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይያቸው፤ በአረጋውያን ላይ ሕመም ብዙ ጊዜ ከትኩሳት ይልቅ በጠባይ ለውጥ ይታያል። አየር ላይ ስለ ብርሃን ከመጨነቅ ይህን መመርመር ይቀድማል፤ መመርመሩ ራሱ ማየት ነው።

ሁሉ ተመርምሮ ሕመም ካልተገኘስ? እስቲ ቀናቸውን በእርሳቸው በኩል ያስቡት። መቼ እንደሚነሡ ሌላ ሰው ይወስናል። ምን እንደሚበሉ፣ መብራቱ መቼ እንደሚጠፋ፣ ልብሳቸውን ማን እንደሚገልጥ፣ ሁሉም በሌላ ሰው እጅ ነው። ትናንት ቤተሰብ ያስተዳደሩ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ዛሬ በልጃቸው ዕድሜ ያለች ሴት እርቃናቸውን ታጥባቸዋለች። በቀኑ ውስጥ በራሳቸው ፈቃድ የሚያደርጉት አንድ ነገር ቢኖር መስደብ ነው። አልደግፈውም። ግን እዚያ ውስጥ ያልሞተ ነገር አለ፤ እንደ ዕቃ ልዞር አልፈልግም የሚል ሰው አለ። እኔ ብርሃን የምለው አንዳንዴ ይህንኑ ነው፤ ደስ የሚል መልክ የለውም።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ብርሃንን ከደግነት ጋር እናምታታለን፤ ፈገግ የሚል ፊት ሲገጥመን «በእርሱ ላይ አለ» እንላለን። በዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ብዙ ክፋት ሆነ፤ ምድርም በጥፋት ውኃ ታጠበች። በምዕራፍ 9 ግን፣ ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ የሰው ደም አይፍሰስ የተባለበት ምክንያት ያው ነው፤ በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯልና። ጠባይ የተበላሸበት መልኩን አላጣም። አዛውንቱ ነገ ቢያመሰግኑዎት ብርሃን አይጨመርባቸውም፤ ዛሬ ስለሰደቡዎትም አልተቀነሰባቸውም።

በተግባር ምን ላድርግ ካሉ፣ ከመታጠቡ ይጀምሩ። ከመግባትዎ በፊት በሩን አንኳኩተው ድምፃቸውን ይጠብቁ፤ በተከፈተ በርም ቢሆን። በሚያዩበት ወገን ይቅረቡ፤ ተቀምጠው፣ ዓይንዎ ከዓይናቸው እኩል ሲሆን በስማቸውና በማዕረጋቸው ይጥሯቸው። ሰውነታቸውን በሙሉ አይግለጡ፤ በሞቀ ፎጣ ሸፍነው የሚያጥቡትን ክፍል ብቻ ገልጠው ያጥቡና መልሰው ይሸፍኑ። ውሃውን በእጃቸው እንዲነኩት ሳፋውን ያቅርቡላቸው። ፊታቸውን እርስዎ አይጠቡ፤ ጨርቁን ጨምቀው እጃቸው ላይ ያድርጉላቸውና ራሳቸው ይጠቡ፣ ግማሹን ብቻ ቢደርሱትም። እጅዎ ከማረፉ በፊት ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ይንገሯቸው፤ «አሁን ቀኝ ክንድዎን ላነሣ ነው።» እንዲህ ያለው አስተጣጠብ ቁጣንና መታገልን እንደሚቀንስ በጥናትም ታይቷል። ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል፤ ስለ ጥድፊያ ያነሣሁት ለዚህ ጭምር ነው።

ከሁሉም በላይ ይጠይቋቸው። ጌታ በኢያሪኮ መንገድ ዳር የነበረውን ዓይነ ስውር፣ በርጤሜዎስን፣ «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ብሎ ጠይቆታል። ችግሩ ለማንም ግልጽ ነበር፤ ቢሆንም ከአፉ እንዲወጣ ፈለገ። «መጀመሪያ ጢምዎን ልላጭዎ ወይስ ገላዎን ልጠብዎ?» የሚል ተራ ጥያቄ ለእኚህ አባት ከአንድ ሰዓት ስብከት ይበልጣል። «ዛሬ አልታጠብም» ካሉና ጤናቸውን የማይጎዳ ከሆነም፣ ይሁን፤ ነገ ይታጠባሉ። ይህ እምቢታ ከተከበረላቸው ስድቡ ሥራ ሊፈታ ይችላል።

ኤልሳቤጥ ፍራይ የተባለችው እንግሊዛዊት በለንደኑ ኒውጌት እስር ቤት ሴት እስረኞችን ለመጀመሪያ ጊዜ የጎበኘችው እ.ኤ.አ. በ1813 ነበር። በየሰው ልብ የእግዚአብሔር ብርሃን አለ ብሎ ከሚያምነው፣ ኩዌከሮች ከሚባለው የክርስትና ወገን ናት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእስር ቤቱ ትምህርትና ሥራ ስታደራጅ የመተዳደሪያ ደንቡን አርቅቃ አልለጠፈችባቸውም፤ አንድ በአንድ እያነበበችላቸው እስረኞቹ ራሳቸው እጅ እያወጡ አጸደቁት። ሌላው ሁሉ አውሬ ብሎ የተዋቸውን ሴቶች ድምፅ እንዲሰጡ ጠየቀቻቸው። ብርሃን አለ ብሎ ማመን በሥራ ሲተረጎም እንዲህ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ግን ስድብን ዝም ብሎ መዋጥ አይደለም። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው የኑርሲያው ቤኔዲክት ለመነኮሳቱ በሠራው ደንብ፣ በምዕራፍ 36፣ ሕሙማን ልክ እንደ ክርስቶስ እንዲገለገሉ ያዝዛል። ወዲያው ቀጥሎ ደግሞ ለሕሙማኑ ይናገራል፦ የሚገለገሉት ለእግዚአብሔር ክብር ተብሎ መሆኑን አስበው ከመጠን ባለፈ ጥያቄ ወንድሞቻቸውን እንዳያሳዝኑ። ይህ ሁለተኛው ሲጠቀስ ብዙም አልሰማሁም፤ መጠቀስ ነበረበት። ታማሚውን እንደ ሰው ማየት ማለት ኃላፊነት እንዳለበት ሰው ማየትም ነው። ስለዚህ «አባቴ፣ እንዲህ ሲሉኝ ያመኛል። አሁን ወጣ ብዬ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እመለሳለሁ» ይበሏቸው። ደግሞ ይመለሱ፤ ካሉት ደቂቃ ሳያሳልፉ። እጃቸውን ከሰነዘሩ ለኃላፊው ያሳውቁ፤ ያለ ሁለተኛ ሰውም አይግቡ። የማስታወስ ችሎታቸው የተዳከመ ከሆነ ግን ንግግሩ አይያዝላቸውም፤ ያኔ የሚለወጠው አቀራረብዎ ብቻ ነው።

ማስታወስን ካነሣሁ፣ ራሳቸውን ስለዘነጉ ሰዎች አንድ ቃል። በብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቶም ኪትዉድ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንዴት እንደሚያዙ ለዓመታት ተመልክተው፣ ሰውነታቸውን ቀስ በቀስ የሚያራቁቱትን ተራ ድርጊቶች ዘርዝረዋል፦ በፊታቸው እንደሌሉ አድርጎ ስለ እነርሱ ማውራት፣ እንደ ሕፃን ማቆላመጥ፣ ከሚደርሱበት ፍጥነት በላይ ማጣደፍ። የአንድን ታማሚ ሸሚዝ እየቆለፉለት ከባልደረባ ጋር በጭንቅላቱ ላይ ማውራት ከዚሁ ውስጥ ነው። ክፋት አይጠይቅም፤ ልማድ ይበቃል። ስሟን የረሳች ሴት እንኳ እጇ የተያዘበትን ሁኔታ ታውቃለች።

ስለ ደጓ እናት ደግሞ ምናልባት የማይጠብቁትን ልበልዎ። ብርሃኑን በእርሳቸው ላይ ለማየት አልቸገርም ብለዋል። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን የሚያመሰግነንን ሰው ስናይ ብዙ ጊዜ የምናየው የራሳችንን እርካታ ነው። ዝም የሚሉ፣ «ደህና ነኝ ልጄ» የሚሉ አረጋውያን ሸክም እንዳይሆኑ ፈርተው ሕመማቸውን የሚደብቁ አሉ፤ ሠራተኛው ወደሚጮኸው ሲሮጥ የሚረሱትም እነርሱ ናቸው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ እርሳቸው ዘንድም እንደ አዲስ ሰው ይቅረቡ። «ደህና ነኝ» ሲሉ በዚያ አይለፉ፤ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቁ፣ የት እንደሚያማቸው፣ ማንን እንደናፈቁ ይጠይቁ። ሁለቱ ክፍሎች፣ ስድብ ያለበትና ምርቃት ያለበት፣ ተመሳሳይ ትጋት የሚጠይቁ ሆነው ቢያገኟቸው አይግረምዎ።

እርስዎ ያልጠየቁትን አንድ ነገር ማንሳት ግዴታዬ ነው። ስለ ብርሃን ማየት የሚነገረው ቋንቋ ውብ ስለሆነ የሚናገረውን ሰው ከጥያቄ በላይ ያደርገዋል። ዣን ቫኒዬ እ.ኤ.አ. በ1964 በፈረንሳይ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ከረዳቶቻቸው ጋር አብረው የሚኖሩበትን ላርሽ የተባለ ማኅበር መሠረቱ፤ በደካሞች ውስጥ ስላለው የእግዚአብሔር መገኘት እንደ እርሳቸው የተናገረ በዘመናችን ጥቂት ነው። ካረፉ በኋላ ማኅበሩ ራሱ ያስደረጋቸው ምርመራዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2023 ይፋ የሆኑት፣ በመንፈሳዊ አማካሪነት ሽፋን በርካታ ሴቶች ላይ ጾታዊ በደል መፈጸማቸውን አረጋገጡ። የማኅበሩ በጎ ሥራ አልጠፋም፤ ሆኖም ስለ ብርሃን በሚናገር ሰው ፊት ቁጥጥር፣ ሁለተኛ ዓይንና አቤቱታ ሰሚ አያስፈልግም የሚል ካለ አይስሙት። በመጦሪያዎ ውስጥ ታማሚም ሆነ አገልጋይ ቅሬታውን የሚያሰማበት ቦታ ከሌለ፣ እንዲኖር ይጠይቁ።

ስለ ጸሎት ብዙ አልልም፤ ከእኔ ይልቅ የንስሐ አባትዎ ወይም መንፈሳዊ መሪዎ ይሻሉ። የምመክረው አጭሩን ነው፦ በሩን አንኳኩተው ድምፃቸውን በሚጠብቁባት ቅጽበት የሚገቡበትን ሰው ስም መጥራት። ሌላ ቃል ባይጨምሩም ይበቃል።

መተውን በተመለከተ፣ በዚህ ሳምንት አይወስኑ። መጀመሪያ አስተባባሪውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ጥቂት ሙሉ የእረፍት ቀናት፣ ከዚያም አዛውንቱን የማጠቡ ሥራ ከሌላ ሰው ጋር ተከፍሎ በየተራ እንዲሆን። ከተቻለ ደግሞ ወንድ አገልጋይ እንዲያጥባቸው ሐሳብ ያቅርቡ፤ የቁጣቸው ግማሽ ምክንያት እዚያ ቢሆን አይደንቀኝም። እርስዎ በሌላ ሰዓት፣ ምንም በማያጥቡበት፣ ገብተው ጥቂት ይቀመጡ። አርፈው ተመልሰውም ንዴቱ ቤትዎ ድረስ የሚከተልዎትና እንቅልፍ የሚነሳዎት ከሆነ፣ ወደ ሌላ አገልግሎት መዛወር ሽንፈት አይደለም፤ ወጥ ቤቱም መዝገብ ቤቱም ሰው ይፈልጋል። አንድ ነገር ግን የማይዘገይ ነው። ክንዳቸውን ከሚገባው በላይ ጠበቅ አድርገው መያዝዎን ወይም ሆን ብለው መፍጠንዎን ካስተዋሉ፣ በዚያው ደቂቃ ፎጣውን አልብሰዋቸው ይውጡና ተረኛዋን ነርስ ይጥሩ፤ የቀረውን እርሷ ትጨርሰው።